ለፌሬት ቀይ ሥጋ ብቻ አይበቃም
በአሜሪካና በአውሮፓ ፌሬት የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በቤት የሚያሳድጉ ሰዎች ከፋብሪካ መኖ ወደ ጥሬ ሥጋ ሲዞሩ ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ፌሬት ሥጋ በል ናት፣ አንጀቷ አጭር ስለሆነም የበላችው ከ3 እስከ 4 ሰዓታት ውስጥ ያልፋል፣ እህል አይስማማትም። ቀይ ሥጋ ብቻ ቆራርጦ መስጠት ግን በደል ነው። አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰውነቷ ጎደሎውን ከገዛ አጥንቷ እየቀዳ ይሞላል፤ በማደግ ላይ ያለች ግልገል ደግሞ አጥንቷ ሳስቶ ይሰበራል። ስለዚህ የሚታኘክ ጥሬ አጥንት (የተቀቀለው ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል)፣ ታውሪን ለተባለው ንጥረ ነገር ልብ፣ ለቫይታሚን ኤ ጉበት ያስፈልጋታል፤ ጉበትም ከመጠን ካለፈ ይጎዳታል። በጥሬ ዶሮ ሥጋ ላይ የሚገኘው ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ለቤቱ ሕፃናትም ሊተርፍ ይችላል። እባካችሁ፣ ሥጋውን ከመቁረጣችሁ በፊት ፌሬት የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፤ መመጠን ካልቻላችሁ የተመጣጠነውን የፋብሪካ መኖ ስጧት።