መኖሪያ ቤት በብድር ብቻ አይሠራም፤ በጀት ይመደብለት!

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ አጽድቆ ነበር። ለ2018 ያጸደቀው ከ350 ቢሊዮን ብር ይበልጣል። ይህን ያህል ገንዘብ በሚንቀሳቀስባት ከተማ፣ በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ያኔ በአንቀልባ ታዝሎ ወረፋ ላይ የዋለ ልጅ አሁን ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል፤ እናቱ ግን ዛሬም ተከራይ ናት።

በዚያ ዓመት የተመዘገበው ሕዝብ ከ800 ሺህ በላይ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው ቤቶች 51,229 ናቸው። ቀጣዩ የ25,791 ቤቶች ዕጣ በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ወጥቶ፣ የተመዝጋቢዎች መረጃ መጭበርበሩ ስለታወቀ ተሰረዘ፤ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። የማጭበርበሩ ጉዳይ ብዙ ተወርቶበታል። የገንዘቡ ጉዳይ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረም፤ የዚህ ጋዜጣ ዋና ቅሬታም እዚህ ላይ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት ሲገነባ የኖረው በአብዛኛው በብድር ነው። ከተማ አስተዳደሩ ቦንድ ያወጣል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፣ በዚያ ገንዘብ ሕንፃው ይቆማል። ዕጣ የደረሰው ሰው ከባንኩ ጋር የብድር ውል ሲፈራርም የከተማው ዕዳ ይቃለላል። ጅምሩ ላይ አሠራሩ ብልህ ነበር፤ ከተማዋ በእጇ የሌላትን ገንዘብ ይዛ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ሠርታበታለች። ነገር ግን ግንባታ በዘገየ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል፤ ባንኩ እጁን የሰበሰበ ዕለትም ሥራው ይቆማል። ከበጀት የሚጠበቀው መንገዱ፣ የውኃ መስመሩና የፍሳሽ ማስወገጃው ነው። እሱ በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ ግድግዳቸው ያለቀ ሕንፃዎች ሰው ሳይገባባቸው ሲከርሙ አይተናል።

የቆጣቢው ገንዘብም በዚህ መሐል ይሟሟል። በ20/80 የተመዘገበ ሰው ቅድመ ክፍያውን ያሰላው በዚያን ጊዜ ዋጋ ነበር። ሲሚንቶና ብረት በየዓመቱ ተወደዱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ናረ። ያ ሰው በየወሩ ሳያቋርጥ ያስቀመጠው ብር የቤቱን ሃያ በመቶ መሸፈን ካቃተው ቆይቷል። ቃሉን የጠበቀው እሱ ሆኖ ሳለ፣ የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለውም እሱ መሆኑ ፍትሕ አይደለም።

አስተዳደሩ በቅርብ ዓመታት የመረጠው መንገድ ተመዝጋቢዎችን በማኅበር ማደራጀትና ከግል አልሚዎች ጋር በሽርክና መገንባት ነው። በማኅበር ለመደራጀት የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ በዝግ ሂሳብ ማስገባት ተጠይቆ ነበር። ይህን መክፈል የሚችል ሰው ቤት ማግኘቱን አንቃወምም። ግን ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ነዋሪ ከዚህ ስሌት ውስጥ የት አለ? የቀን ሠራተኛዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት የግንባታ ወጪን ሰባ እጅ ከየት ያመጣሉ? ቤት በግዢ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ የመግዛት አቅም የሌለው ዜጋ ከመርሐ ግብሩ ውጪ ሆነ ማለት ነው። ዕጣ ከደረሳቸው ድሆች መካከል እንኳ ወርሃዊ ክፍያው ከብዷቸው ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ የሚኖሩ ጥቂት አይደሉም።

መግዛት ለማይችል ሰው መጠጊያ ሆኖ የቆየው የቀበሌ ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ፣ ጭቃው ቢረግፍም ጣሪያው ቢያፈስም፣ በጥቂት ብር ኪራይ ድሃውን በመሐል ከተማ፣ ከሥራውና ከዕድሩ ሳይርቅ አኑሮታል። በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ውል የነበራቸው ተነሺዎች ምትክ ያገኛሉ፤ ደባሉና የግለሰብ ቤት ተከራዩ ግን በአብዛኛው የሚቆጥራቸው የለም። መንገዱ ማማሩን እናያለን፣ ማማሩንም እንወዳለን። ለማፍረስ የሚበቃ በጀት ያለው አስተዳደር ለምትክ ቤት የሚበቃ በጀት አጥቻለሁ ቢል ግን ተቀባይነት የለውም።

የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። መልካም ሕግ ነው፤ እንዲከበርም እንሻለን። ነገር ግን አንድም ተጨማሪ ክፍል አይሠራም።

ጎዳና ላይ ያሉት ወገኖቻችን ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ምግብ ዋስትናና ሴፍቲኔት መርሐ ግብር እነሱን የማቋቋም ሥራም ነበረበት፤ ከ450 ሚሊዮን ዶላር ወጪው 300 ሚሊዮኑ ግን ከዓለም ባንክ የመጣ ነው። ሜዳ ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺዎች ሰብስቦ የያዘው መቄዶንያ የሚኖረው በሕዝብ ልግስና ነው። ልግስናው ያኮራናል። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 አረጋውያንን፣ የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን የመርዳት ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው።

አንቀጽ 90 መኖሪያ ቤትን የሚያነሳው «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ከሚል ገደብ ጋር መሆኑን እናውቃለን። የከተማዋ በጀት በአንድ ዓመት ከመቶ ቢሊዮን ብር በላይ ሲጨምር ግን፣ የዋጋ ንረቱ የበላው ተቀንሶለትም ቢሆን፣ አቅም የለም ማለት ይከብዳል። የጎደለው ቅድሚያ መስጠት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው በጀት መግዛት ለማይችሉ ነዋሪዎች የሚሠራ የመንግሥት ኪራይ ቤት ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው። የማንኛውም መልሶ ማልማት ወጪ ሲሰላ የምትክ ቤቱ ዋጋ፣ የደባሉም ጭምር፣ አብሮ ይሰላ፤ ቤቱ ሳይዘጋጅም መፍረስ አይጀመር። ለመጠለያና ለማቋቋሚያ የሚያስፈልገው ወጪ ከዕርዳታና ከበጎ ፈቃድ ዘመቻ ወጥቶ በመደበኛ በጀት ውስጥ ይግባ። የነባር ቆጣቢዎች ቤት በመዘግየቱ የመጣውን የዋጋ ልዩነትም አስተዳደሩ ይጋራ። የምክር ቤት አባላት ከሐምሌ 1 በፊት ረቂቁ ሲቀርብላቸው፣ ስንት ቤት፣ ለየትኛው ነዋሪ፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚሠራ የፋይናንስ ቢሮውን ይጠይቁ፤ መልሱ በአኃዝ ካልቀረበላቸውም ረቂቁን ይመልሱት።