የጠራ ውኃ ሁሉ የሚጠጣ ነውን?

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ጉድጓድ ተቆፍሮ የእጅ ፓምፕ በተተከለ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ በጣሳ ቀድተው ቀመሱና «እሰይ፣ ብርጭቆ የመሰለ ውኃ!» ብለው መረቁ። እኔም ጠጥቼ ደስ አለኝ። ነገር ግን ውኃው ተመርምሮ እንደ ሆነና ምን እንደ ተገኘበት ቆፋሪዎቹን ብጠይቃቸው፣ «አታየውም እንዴ እንዴት እንደ ጠራ?» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡኝም። ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ዐይን የሚያየው ጭቃውንና ትሉን ነው። በድንጋይ ውስጥ ኖሮ ቀስ በቀስ በውኃ የሚሟሟውን ነገር ግን ዐይንም ምላስም አይለየውም። ከነዚህም አንዱ ዩራኒየም ነው። ብዙዎቻችን ዩራኒየም ሲባል የምናስበው የአቶሚክ ቦምብን ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን በጥቂት በጥቂቱ በየድንጋዩና በየአፈሩ የሚገኝ ከባድ ብረት ነው። ከውኃ ጋር ሲጠጣ ይበልጥ የሚያሰጋው ጨረሩ ሳይሆን መርዝነቱ ሲሆን፣ የሚያጠቃውም ኩላሊትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ እንዳይታለፍ የመከረው ወሰን እ.ኤ.አ. በ1998 በሊትር 2 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2004 ወደ 15፣ በ2011 ደግሞ ወደ 30 ከፍ አደረገው። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሰምተው «እንግዲያው ሊቃውንቱም አያውቁትም» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። እኔ ግን እየመረመረ ቁጥሩን የሚያርም ሰው፣ ምንም ሳይለካ «ጥሩ ነው» ከሚለው ይሻላል እላለሁ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የስምጥ ሸለቆአችን የውኃ ጥናት፣ በብዙ ጉድጓዶችና ምንጮች ከፍሎራይድ ሌላ ዩራኒየምም በጊዜው ከተወሰነው በላይ ሆኖ እንደ ተገኘ ያስረዳል። የፍሎራይዱን ጉዳት ወንጂ በደንብ ታውቀዋለች። የሆላንዶች ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲያስጀምር፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጣው ሠራተኛ የጉድጓድ ውኃ ይጠጣ ነበር። ውኃው የጠራ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ከሠራተኞቹም አንዳንዶቹ አንገታቸውና ወገባቸው እየደረቀ መታጠፍ ተሳናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህንን የስምጥ ሸለቆ በሽታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል። ለአጥንት የደረሰ ጉዳት ተመልሶ አይቃናም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ደግሞ «አፍልቶ መጠጣት ነው» የሚል አለ። ማፍላት አሜባንና ታይፎይድን ይገድላል፤ ዩራኒየምንና ፍሎራይድን ግን አይነካም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይበረታል።

እርግጥ የእኛ ደጋ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለት ባሳልት ነው። ዩራኒየም ደግሞ ይበልጥ የሚገኘው በግራናይትና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉት ነጣ ያሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ነው። ስለዚህ በይፋግ ሰው ላይ ፍርሃት ልነዛ አልፈልግም። እኔም ብሆን ከዩራኒየም ይልቅ የሚያስፈራኝ ከብት የሚረግጠው ምንጭ ነው። ቢሆንም ሳይለኩ መገመትና ለክቶ ማወቅ አንድ አይደሉም። ይፋግ ጥንት ታላቅ የአሞሌ ገበያ በነበረች ጊዜ፣ ነጋዴው አሞሌውን ጫፉ እንዳልተሸረፈ አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም ነበር አሉ። ለጨው ያን ያህል ከተጠነቀቅን ለውኃ ለምን እንሰንፋለን?

የቤት ዕቃም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ከ1936 ጀምሮ ደማቅ ብርቱካንማ ቀለማቸው ከዩራኒየም የተሠራ ሳህኖች ይሸጡ ነበር፤ ኮምጣጣ ምግብ ሲቀመጥባቸው ቀለሙ ጥቂት ጥቂት ይለቃል። እንዲህ ያለ ሳህን በእኛ መደብ ላይ አላየሁም። ያየሁት የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ነው። በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ መድኃኒቱን ረጭቶ ሲጨርስ ዕቃውን አይጥልም። አያቴ አንዱን በአመድ አጥበው የጠላ ውኃ ሊቀዱበት ሲሉ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ አጠብሁት እኮ፤ ሽታውም ጠፍቷል» አሉኝ። «እማማ፣ ሽታው ቢጠፋም መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ይተዉት» ብል ተቆጡኝ። ጀሪካኑን በምስማር የበሳሁት ሌሊት ነው፤ ለሁለት ቀን አላናገሩኝም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃው ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ናሙናው ላቦራቶሪ ወዳለበት ከተማ ይላክ፤ ፍሎራይድን በቀላል መሣሪያ እዚሁ መለካት ይቻላል፤ ዩራኒየም ግን ያለ ላቦራቶሪ አይለካም። ውጤቱም በመዝገብ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ ቀኑና ቁጥሩ በቀለም በፓምፑ ግንብ ላይ ይጻፍ። ባለፈው ወር ለሰፈራችን የውኃ ኮሚቴ ይህንኑ አመልክቼ ነበር፤ ጸሐፊው ሰምተው «ቀለሙን ማን ይገዛል?» አሉኝ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዝተናል፤ አሁን የምንጠብቀው ቁጥሩን ነው።