‹‹አማኑኤል ውሰዱት!››

መቼም በአማርኛችን ውስጥ እንደ ማኅተም የሚመቱ ቃላት አሉ። ‹‹እብድ›› አንዱ ነው። አንድ ጊዜ ግንባርህ ላይ ካረፈ በኋላ ራስህን ቢፈልጥህ እብደትህ ነው፤ ሆድህን ቢቆርጥህ እብደትህ ነው፤ ብርድ ብርድ ብሎህ ብትንቀጠቀጥ፣ ቢያስመልስህ፣ ተዝለፍልፈህ ብትወድቅ፣ ያው እብደትህ ነው። ሌላው ሰው በሰባ ዓይነት በሽታ ሊታመም ይችላል፤ ላንተ ግን ከአንዷ በቀር አልተፈቀደልህም።

ነገሩን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ድሬዳዋ እንደ ልማዷ እንደ ምጣድ ግላ ሳለች፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። መጋላ አካባቢ አንድ ግንብ ሥር የሚውል ሰው አለ። ሰፈሩ የሚጠራበት ቅጽል ስም አለው፤ ስድብ ነውና እዚህ አልጽፈውም። ብቻውን ያወራል፣ አንዳንዴ ይጮኻል፣ ሰው ግን ነክቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ዝም አለ። ይህን ያስተዋሉት እዚያው ጥግ ላይ ሻይ አፍልተው የሚሸጡ እናት ናቸው። ‹‹ሲጮኽ ፈርቼው አላውቅም፤ ዝም ሲል ግን ፈራሁ›› አሉኝ።

እኩለ ቀን ላይ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ የባጃጅ ልጅ ጠራን፤ ሦስት ሆነን ደግፈን ጫንነውና ወደ አንድ ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። የቱ እንደሆነ አልናገርም። በየከተማው ሊሆን የሚችል ነገር ነውና የአንዱን በር ብቻ ማሳጣት ሌሎቹን ማዳን ይሆናል።

ዘበኛው ገና ባጃጁ ሲቆም እጁን ዘረጋ። ‹‹ይሄ አይገባም!››

‹‹ታሟል እኮ!››

‹‹አውቀዋለሁ፤ ሁሌም እንዲሁ ነው።››

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንዲት ወጣት ነርስ ወጣች። ከሁለት ርምጃ ርቀት ላይ ቆማ አየችው። ሻይ ሻጯ ‹‹ልጄ፣ እስቲ በእጅሽ ንኪው፤ እሳት እኮ ነው›› ብለው ለመኗት። ነርሷ አልነካችውም። ‹‹እማማ፣ ይሄ የኛ በሽተኛ አይደለም። አማኑኤል ውሰዱት።››

የባጃጁ ልጅ ‹‹አቦ! አማኑኤል እኮ አዲስ አበባ ነው፤ በባጃጅ ልውሰደው?›› ሲል ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ብቸኝነቱ ያተረፈልን ነገር ቢኖር ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ‹‹አማኑኤል ውሰዱት›› ማለት ‹‹እኔ ከኃላፊነት ነፃ ነኝ›› ማለት ሆኗል። ለነገሩ ሰበቡ ካረጀ ቆይቷል። እዚያው አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሙያ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በነዚህ ዓመታት የሠለጠኑት ሁሉ አዲስ አበባ ተቀምጠው አልቀሩም፤ በየክልሉ ሆስፒታል ገብተዋል። ቃሏ ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ትመነዘራለች።

ይሁንና ክርክሬ ስለ አእምሮ ሐኪም ቁጥር አይደለም። ያ ሰው የዚያን ዕለት የአእምሮ ሐኪም አላስፈለገውም።

በመጨረሻ ወደ አንድ አነስተኛ ጤና ጣቢያ ሄድን። አንድ ጎልማሳ የጤና ባለሙያ ምንም ሳይናገር የእጁን ጀርባ ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ጣቱን ወጋና ደም ወሰደ። ወባ ነበር። ወባ ብቻ! በዚያ ዓመት ድሬዳዋ በወባ ወረርሽኝ ተመትታ ነበር። ስቴፈንሲ የተባለችው አዲስ ትንኝ እንደ ገጠሯ ወባ አስተላላፊ ረግረግ አትፈልግም፤ ቧንቧ ስለሚጠፋ በየግቢያችን በርሜል ያጠራቀምነው ውሃ ይበቃታል። እንግዲህ ሕፃንም ሽማግሌም በሚያተኩስባት በዚያች ከተማ፣ በዚያች ወር፣ ‹‹ይህ ሰው ወባ ይዞት ይሆን?›› ብሎ ለመጠየቅ ምን ያህል ትምህርት ያስፈልጋል? በ2006 ዓ.ም. ከ11 ሺህ ሰው በላይ በደንጊ ትኩሳት የታመመባት፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ያልገባበት ቤት የጠፋባት ከተማ እኮ ናት። ትንኟ ስትነክስ ‹‹ጤነኛ ነህ ወይስ እብድ?›› ብላ አትጠይቅም።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ ነው ለሚል ቡታጅራን አስታውሳለሁ። በዚያ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተሉ የአገራችን ተመራማሪዎች ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። 121ዱ ሞተዋል። የሞቱት ከሌላው ሰው ሦስት አሥርተ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ምን ገደላቸው? አብዛኛው ሰው ‹‹ራሳቸውን አጥፍተው ይሆናል›› ብሎ ይገምታል። እርግጥ እሱም አለበት፣ አደጋም አለበት፣ ግድያም አለበት። ግማሽ ያህሉን የወሰደው ግን ተላላፊ በሽታ ነው፤ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊድን የሚችል ዓይነቱ። እብደት አልገደላቸውም ማለት ነው። የገደላቸው በእብደታቸው ተሸፍኖ ሌላው በሽታቸው ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ነገሩን ከሌላው ጫፍ እንየው። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ‹‹እብድ›› የሚባለው ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው እንዴ? የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ተወግቶ ምሳ ቢያልፈው፣ ስኳሩ ወርዶ ይንገዳገዳል፣ ይቆጣል፣ የልጁን ስም ይስታል። ከዚራ ጥላ ሥር ልብሱን ለማውለቅ ሲታገል ብታገኘው ‹‹ሰክሯል›› ወይም ‹‹ቀውሷል›› ብለህ ታልፈዋለህ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት ሰው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለበት ሰው በምን ይለያል? በዓይን አይለይም። የሚለየው በአንዲት ጠብታ ደም ነው። ስለዚህ ዘበኛው ከበር ላይ ‹‹ይሄ እብድ ነው›› ብሎ ሲመልስ ሐኪም እንኳ ሳይመረምር የማይደፍረውን ሥራ እየሠራ ነው። ለደረጃው የሚከፈለው ደመወዝ ግን የዘበኛ ነው!

ከጤና ባለሙያ ወዳጆቼ ጋር ስንከራከር የሚሉኝን አውቃለሁ። ‹‹አንተ ብዕር ይዘህ ታወራለህ፤ እኛ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደምናይ ታውቃለህ? ወንበር ያነሳብናል፣ ነርስ ይመታብናል፣ ሌላው በሽተኛ ይሸበራል።›› እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ድንገተኛ ክፍል አድሮ አያውቅም። አልጋው አይበቃም፤ ጓንት የሚያልቅበት ቀን አለ። ግን እኔም እጠይቃለሁ። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚራገጥ፣ የሚሳደብ ሰው ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? አራት ሆናችሁ ትይዙታላችሁ፣ የሚያረጋጋ መርፌ ትወጋላችሁ፣ ታክማላችሁ። ‹‹ተሳዳቢ ነውና ውሰዱት›› አትሉም። ያው ዲያዜፓም፣ ያው አራት ሰው ለዚህኛው የሚታጣበት ምክንያት ምንድነው? የዓለም ጤና ድርጅት እኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ የአእምሮ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ደረጃ በደረጃ አሳይቷል፤ ኢትዮጵያም ሥራውን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። ማሰርም ቢሆን፣ ሌላ መላ ሁሉ ሲያልቅ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በባለሙያ ትእዛዝና ክትትል እንጂ በዘበኛ ገመድ አይደለም። ደግሞስ የኛ ሰውዬ መቼ ወንበር አነሳ? እጁን እንኳ ማንሳት አቅቶት ነበር።

‹‹አስታማሚ የለውም›› የሚሉም አሉ። በኛ አገር አስታማሚ ማለት ምግብ አቅራቢ፣ መድኃኒት ገዢ፣ ዋስ፣ ጠበቃም ነው። ቤተሰቡ የተወው ሰው ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ አንድ ጊዜ በቤቱ፣ አንድ ጊዜ በሆስፒታሉ።

ሕጉ ምን ይላል? ሕጉስ ብዙ ብሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ‹‹አቅሙ በፈቀደ›› የምትለዋ መውጫ ቀዳዳ ናት የሚል ካለ ወደ ወንጀል ሕጋችን ይለፍ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ይኸው ሕግ በአንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ጥሎ መሄድን ወንጀል አድርጎታል፤ ሙያው የማዳን ግዴታ የጣለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል። አንቀጽ 537 ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት የሕክምና እርዳታ የሚከለክለውን ባለሙያ በቀጥታ ይመለከታል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም የአእምሮ ጉዳተኞችን ይጨምራል፤ በአንቀጽ 25 በጉዳት ምክንያት ሕክምና መከልከልን ያግዳል። የቀረው ሕጉን በሩ ላይ የሚያውቀው ሰው መገኘቱ ነው። ዘበኛው ማንን ማስገባት እንዳለበት በጽሑፍ የሰጠው አለ?

ሕግ ብቻውን ግን እንደማያድን ኒውዮርክን ማየት ይበቃል። አሜሪካኖች ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ሁሉ ሳይመረምሩ መመለስን በሕግ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008፣ ብሩክሊን በሚገኘው ኪንግስ ካውንቲ ሆስፒታል፣ ኤስሚን ግሪን የተባለች የ49 ዓመት የጃማይካ ተወላጅ በአእምሮ ሕክምና ድንገተኛ ክፍል ለአንድ ቀን ያህል ወንበር ላይ ስትጠብቅ ቆይታ መሬት ላይ ወደቀች። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ወድቃ ቆየች። ዘበኛ አይቷት ሄደ፤ ሠራተኛ አይቷት ሄደ። ሁሉንም ካሜራ ቀርጾታል። ከእግሯ ተነስቶ ሳንባዋን የዘጋ የረጋ ደም ነበር የገደላት፤ ለረዥም ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ ከመቀመጥ የመጣ። መዝገቧ ግን ወድቃ በነበረችበት ሰዓት በሰላም እንደተቀመጠች ይናገር ነበር። እነሱ ካሜራ ስለነበራቸው ታወቀ። የኛ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚሆነውን የሚያየው ማነው? የባጃጅ ልጅና ሻይ ሻጭ።

ድሬዎች የፍቅር አገር ነን እንላለን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ ጎረቤት ጎረቤቱን ያወጣው ዘርና ሃይማኖት ሳይጠይቅ ነው እያልን ዛሬም እናወራዋለን፤ ማውራታችንም ደግ ነው። ከከተማው ጤና ቢሮ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ማንም ሰው፣ ማንም፣ ሙቀቱና የደም ግፊቱ ሳይለካ፣ ጣቱ ሳይወጋ ከድንገተኛ ክፍል በር እንዳይመለስ፤ የመለሰውም ባለሙያ ምክንያቱን ጽፎ ስሙን እንዲፈርምበት። ፊርማ የሚባል ነገር ሲመጣ ብዙ ‹‹የኛ አይደለም›› የሚል አፍ እንደሚዘጋ አገራችንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ለዘበኞቹም የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጥ። የአእምሮ ሕክምና ነርሱ በሌሊት ተራ ውስጥ ይግባ፤ ሕመም በሥራ ሰዓት ብቻ አይመጣም።

ካርድ ክፍል የሆነውን ሳልነግራችሁ። ጤና ጣቢያው ካርድ ሲያወጣ ‹‹ስም?›› ተባልን። እርስ በርስ ተያየን። ስንት ዓመት በአጠገቡ ያለፍን ሰዎች ስሙን አናውቅም ነበር። ጎልማሳው ባለሙያ ወደ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ‹‹ወንድሜ፣ ስምህን ማን ልበል?›› አለው። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ስሙን ተናገረ፤ ጥርት አድርጎ። የአባቱን ስም ግን መናገር አልቻለም ወይም አልፈለገም። ጸሐፊዋ ቦታውን ባዶ መተው እንደማይቻል ስትናገር የባጃጁ ልጅ ‹‹የኔን አባት ጻፊው›› አላት።

ካርዱ ዛሬም ባጃጁ ውስጥ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ነው።