ከፖሊስ ጋር የሚሄደው ሐኪም የቁስለኛ ሁሉ ይሁን

በታፋ ትልቁ ደም ሥር ያለፈ ጥይት ሰውን ለመጨረስ ሰዓት አያስፈልገውም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከቢቸና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ አጠቃላይ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈለት ቁስለኛ ግን ጉዞው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ አምቡላንሱም ነዳጅ ካለው። ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ተይዞ የሚመጣው ደግሞ ቢቸና ወይም ሞጣ እስኪደርስ ሌላ ጉዞ አለበት። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም የቆሰለ ሰው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በወደቀበት ቦታ ነው፤ ማን አጠገቡ ነበር፣ ያ ሰውስ ምን ያውቅ ነበር በሚለው።

ሁከት ወይም ተኩስ በተነሣበት ቦታ አጠገቡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ነው። የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ በ2015 ከተወሰነ ወዲህ በአማራ ክልል ከባዱ የፖሊስ ስምሪት የወደቀው በአድማ ብተናና በፌዴራል ፖሊስ ትከሻ ላይ ነው። እነዚህ ቡድኖች ጋሻ፣ አስለቃሽ ጭስና ጠመንጃ ይዘው ይወጣሉ። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፤ አደገኛ ስምሪት የሚወጣ የፖሊስ ቡድን የሠለጠነ የሕክምና ባለሙያ ሳይዝ መውጣት የለበትም። ባለሙያው በፖሊስ በጀት የሚተዳደር፣ በፖሊስ መዝገብ የሰፈረ የፖሊስ ሰው ይሁን። ሥራው ላይ ግን አለቃው ቁስሉ እንጂ የቁስለኛው ማንነት አይሁን። የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ሠራተኛን ለስምሪት መውሰድ ደግሞ በመመሪያ ይከልከል።

ነገሩ ለእኛ ገና ወሬ ቢሆንም በሌላው ዓለም የቆየ ሥራ ነው፤ የተማሩትም በመከራ ነው። በአሜሪካ በኮለምባይን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1991 ሁለት ተማሪዎች ተኩስ ሲከፍቱ ፖሊስ ሕንፃውን ከቦ ቆመ። ውስጥ የቆሰለ አንድ መምህር ከሦስት ሰዓት በላይ ደም ሲፈስሰው ቆየ፤ ተማሪዎቹም ሰው ደም ፈስሶት እየሞተ መሆኑን ጽፈው በመስኮት አሳዩ። መምህሩ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ከቦ መጠበቅ የሚለው አሠራር ተለውጦ፣ ፖሊስ ወዲያው እንዲገባ፣ ሕክምናውም ቦታው እስኪጠራ ሳይጠብቅ እንዲከተለው ሆነ። ፓሪስ ውስጥ ኅዳር 3 ቀን 2008 በባታክላን አዳራሽ 90 ሰዎች በተገደሉበት ምሽት ከፖሊስ ልዩ ቡድኖች ጋር የገቡት ሐኪሞች ጥቃት አድራሾቹ ገና ሕንፃው ውስጥ እያሉ ቁስለኛ ይለዩ፣ ያወጡ ነበር።

የዚህ ሙያ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም ፍራንክ በትለርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ትክክል የሆነ ሕክምና ተኩስ መሀል ሌላ ሰው ሊያስገድል ይችላል። ጥይት እየበረረ ጉልኮስ አይሰካም። ያኔ የሚደረገው የእጅና የእግር ደም በማሰሪያ ማቆምና ቁስለኛውን ከለላ ወዳለበት መጎተት ብቻ ነው። ከለላ ውስጥ ሲደርሱ የአየር መተላለፊያው ይታያል፣ ደረቱ ይፈተሻል፣ ጥልቅ ቁስል በጎዝ ተጠቅጥቆ ይያዛል። ከዚያ ቀጥሎ መጫንና ማስረከብ ነው። ዛሬ ቱርኒኬት የሚባለው ማሰሪያ፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንትና የደረት ቁስል መሸፈኛ የያዘች ቦርሳ ከአንድ ጠመንጃ ዋጋ ጋር የምትወዳደር አይደለችም። ጓንት እንኳ በየጤና ጣቢያው በሚጠፋበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ፖሊስን ለተኩስ አስታጥቆ መላክ የቻለ በጀት ደም ማቆሚያ አጣሁ ቢል አንቀበለውም።

ጎጃም ወጌሻ የሚያከብር አገር ነው፤ ስብራት ማቆምና ቁስል ማሰር ለአካባቢው ሰው እንግዳ ዕውቀት አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት ዕውቀቱ ከመንግሥት የታጠቀ ኃይል ጋር ሲመጣ ነው። በ1960 ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ሲነሣ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ፤ የንጉሡ መንግሥት ኃይል ላከ፣ ከአየርም ደበደበ። ይህን ከአባቱ የሰማ ሰው የዛሬውን የፖሊስ ኦራል ሲያይ ከላዩ የሚወርደው ባለ ቦርሳ ለእሱም እንደመጣ በአዋጅ ብቻ አያምንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ውስጥ መስጊዶችና ሱቆች ሲቃጠሉ እንደታየውም በእንዲህ ያለው ቀን ፖሊስ የሚደርሰው እርስ በርሱ በተፈራራ ሕዝብ መሀል ነው። ሐኪሙ ማንን ቀድሞ እንዳነሣ ሁሉም ያያል፤ ማታ በየቤቱ የሚወራውም እሱ ነው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታችን የሕክምና ቅደም ተከተል በቁስሉ ክብደት ብቻ እንዲወሰን የሚጠይቀው። ደሙ የሚፈስሰው ወጣት ድንጋይ የወረወረ ይሁን፣ የተኮሰ ይሁን፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የተመታ ይሁን፣ ቁርጭምጭሚቱ ከወለቀው ኮንስታብል ይቀድማል። ይህ የእኛ ምኞት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያወጣው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርህ ፖሊስ ኃይል ሲጠቀም ለተጎዳ ሰው ሁሉ በተቻለ ፍጥነት ሕክምና እንዲደርሰው ማድረግ አለበት ይላል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል፤ እየደማ ወለል ላይ የተተወ ሰው ክብሩ ተጠብቋል ሊባል አይችልም። ቡድኑ መቼ ይገባል፣ በየት ይወጣል የሚለውን አዛዡ ይወስን። ማን ቀድሞ ይታከማል የሚለው ላይ ግን ኮማንደሩ ቃል አይኑረው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ቁስለኛን ከሞት የሚያተርፍ እጅ፣ እስረኛን ለምርመራ የሚያቆይ እጅም ሊሆን ይችላል። ይህን የምንለው የፖሊስን ሐኪም ሁሉ በመጠርጠር አይደለም፤ ዓለም ደጋግሞ ስላየው ነው። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 ቶኪዮ ላይ ሐኪም በማሰቃየት እንዳይሳተፍ፣ በቦታውም እንዳይገኝ የደነገገው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1982 ሐኪም እስረኛን ጤናውን ለሚጎዳ አያያዝ ብቁ ነው ብሎ እንዳይመሰክር የከለከለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከቡድኑ ጋር የሚወጣው ባለሙያ ጥያቄ አይጠይቅ፣ ቁስለኛ በሕመም ላይ ሳለ የነገረውን ለመርማሪ አያቀብል፣ «ምርመራ ይችላል» የሚል ወረቀት አይፈርም። ማስታገሻ መስጠትም ሆነ መከልከል የቃል መቀበያ መሣሪያ እንዳይሆን ይህ በመመሪያ ይጻፍ። ካልተጻፈ የምንደግፈው ነገር የለም።

ለነገሩ ጥሩ የቁስለኛ ካርድ ለፖሊስም ይጠቅመዋል። በስንት ሰዓት ተመታ፣ በስንት ሰዓት ታሰረ፣ ምን ተሰጠው፣ ለማን ተረከበ የሚል አንድ ገጽ አንዱ ቅጂው ከቁስለኛው ጋር ሆስፒታል ቢገባ፣ ሌላው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ክፍት በሆነ መዝገብ ቢቀመጥ፣ «ፖሊስ ደሙ ሲፈስስ ቆሞ አየው» የሚለው ክስ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይታያል። እውነት ሆኖ ከተገኘም ጥፋተኛው ይታወቃል።

አሁን ወደ ሆስፒታሎቹ እንመለስ፤ የጉዳዩ ቁስል ያለው እዚያ ነውና። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው የመንግሥት ኃይሎችና የፋኖ ታጣቂዎች ግጭት የጤና ባለሙያዎች በሁለት እሳት መሀል ወድቀዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ሰኔ 26 ቀን 2016 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ኃይሎች ቢያንስ በ13 ከተሞች በሕክምና ሠራተኞች፣ በተቋማትና በአምቡላንሶች ላይ ያደረሱትን ጥቃት መዝግቧል፤ የፋኖ ቁስለኛ አክማችኋል ተብለው የተደበደቡና የታሰሩ ሐኪሞች እንዳሉ ጽፏል። የሪፖርቱ ርእስ ራሱ አንድ ወታደር ከሞተ ተጠያቂው አንተ ነህ ከሚል ለሐኪም ከተሰነዘረ ዛቻ የተወሰደ ነው። ኅዳር 20 ቀን 2016 በደቡብ ወሎ ወገል ጤና አንድ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ቢያንስ አራት ሰዎች ሞተዋል። ግንቦት 2017 ላይ ደግሞ የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ያቆሙ የጤና ባለሙያዎች በፖሊስ ታስረዋል። ይህ ሁሉ ባለበት፣ ነገ ጠዋት ፖሊስ የቢቸናን ነርስ «ነይ አብረን እንውጣ» ቢላት ምን እንደሚሰማት ለመገመት ምርምር አያስፈልግም።

ፖሊስ የራሱ የሕክምና ሰው ይኑረው የምንለው ስለዚህ ነው። የራሱ ሰው ያለው ቡድን የሆስፒታሉን ሰው አይፈልግም። የቆሰለ ባልደረባውን ይዞ ሲመጣም በቦታው ደሙን ያቆመው ባለሙያ ለተረኛው ሐኪም በሁለት ደቂቃ ያስረክበዋል፤ ባልደረቦቹ ጠመንጃ አንግተው ድንገተኛ ክፍል ገብተው በሐኪሙ ራስ ላይ የሚቆሙበት ሰበብ አይኖርም። መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ በር ላይ የተለጠፈው ለጎብኚ ብቻ አይደለም። ጥበቃ ካስፈለገ ከአጥር ውጭ ይቆም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ፖሊስ አይጫንበት፤ 907 የሚደውል እናት የሚመጣላት መኪና ትናንት ምን ጭኖ እንደዋለ መጠራጠር የለባትም። የፖሊሱ ባለሙያም ከቡድኑ ጋር ሆኖ የቀይ መስቀል ምልክት በክንዱ አያድርግ፤ ምልክቱ ሕግ ለፈቀደላቸው የሕክምና አገልግሎቶች የተጠበቀ ነው፤ ለፖሊስ ስምሪት ከዋለ እውነተኛ ባለቤቶቹን ያስመታል። ሌላ ግልጽ መለያ ይሰጠው።

ይህን ምልክት ማክበር ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ቀይ መስቀል ማኅበራችን የተመሠረተው በ1927 ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ነው፤ በታኅሣሥ 1928 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአውሮፕላን ሲደበደብ ዓለም ይስማን ብለን የጮኽን እኛው ነን። ያንን ጩኸት ያሰማ አገር በገዛ ልጆቹ ግጭት ውስጥ አምቡላንስ ሲመታ ዝም የሚልበት ምክንያት አይታየንም።

ግዴታው የመንግሥት ብቻ እንዳልሆነም እንናገራለን። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 የታጠቁ ቡድኖችንም ያስራል፤ ቁስለኛ ሊሰበሰብና ሊታከም ይገባዋል፣ የማንም ይሁን። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በቁስለኛና በሕክምና አገልግሎት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን የጦር ወንጀል አድርጎታል። ፋኖም ሆነ ሌላ ታጣቂ አምቡላንስ አስቁሞ ቢወስድ፣ ሐኪም ቢያፍን፣ የፖሊስ ቁስለኛን ያከመ ነርስን ቢያስፈራራ በዚሁ ሕግ ይመዘናል። የቡድኑ ባለሙያ ኢላማ ይሆናል የሚለው ሥጋት እውነት ነው፤ ኢላማነቱን የሚቀንሰው ግን ጥይት የማይገባው ልብስ ብቻ ሳይሆን ከዚያኛው ወገን የወደቀውን ሲያክም መታየቱ ነው። መሣሪያን በተመለከተ አገሮች አንድ አይደሉም፤ በአሜሪካ አንዳንድ ከተሞች የፖሊስ ቡድን ሕክምና ባለሙያ ሙሉ ትጥቅ ይይዛል፣ በሌሎች አይይዝም። ለምሥራቅ ጎጃም የምንመርጠው የማይታጠቀውን ነው፤ ቡድኑ ይጠብቀው።

ሰው ከየት ይመጣል? በሰሜኑ ጦርነት ቁስለኛ ሲያነሡና ሲያስሩ የነበሩ፣ ዛሬ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች በክልሉ ውስጥ አሉ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ከፖሊስ ኮሚሽንና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ተስማምተው ሥርዓተ ትምህርት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱ ተራ ፖሊስ ደም ማቆምን ማስተማር ደግሞ የቀናት ጉዳይ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ150 በላይ ሰዎች ሲጎዱ እንዳየነው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሲወድቅ አንድ ሐኪም ብቻውን የትም አይደርስም፤ አጠገቡ ያሉት እጆች ሁሉ ማሰር ማወቅ አለባቸው።

የክልሉ ምክር ቤት ቀጣዩን በጀት ሲያይ የፖሊስ ኮሚሽኑ ለአድማ ብተና የጠየቀውን ገንዘብ ከማጽደቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የተመደበው የሕክምና ባለሙያ ማን ነው፣ የሚሠራበት መመሪያ የት አለ፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ለስምሪት እንዳይወሰድ ያዘዘው ደብዳቤ ለቢቸናና ለሞጣ ሆስፒታሎች መቼ ደረሰ? መልሱ በእጁ ካልቀረበ ገንዘቡን ያቆየው።