«ሽንቴን አይተውልኛል» አይበቃም

ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ከደጋው ተነስቶ ሐይቆቹ ዳር እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህን መንገድ በማለዳ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ያውም ሆድ በሚያቅለሸልሽበት በመጀመሪያው የእርግዝና ወቅት መውረድ ቀላል አይደለም። «ነፍሰ ጡሯ የስኳር ምርመራውን ትቀበል ወይስ ትተወው?» ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ይህ መንገድ ነው።

እኔ ትቀበል ባይ ነኝ። ግን ምን እንደምትቀበል በግልጽ ይነገራት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደረገው ምርመራ በዋናነት የሚፈልገው ከእርግዝናው በፊት የነበረን፣ ያልታወቀ ስኳር ነው። የፅንሱ ልብና አከርካሪ መሠረት የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ስኳር ዘግይቶ ማግኘት ዋጋ ያስከፍላል። በባዶ ሆድ የተወሰደ ደም በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ካሳየ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። የሚያከራክረው ከ92 እስከ 125 ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን ውጤት በየትኛውም የእርግዝና ወር ቢገኝ የእርግዝና ስኳር ብሎታል። የአሜሪካው የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ደግሞ በ2021 ከ24ኛው ሳምንት በፊት ያለውን ምርመራ ለመደገፍም ለመንቀፍም ማስረጃው አልበቃኝም አለ። በ2023 የወጣ፣ ተጋላጭ የሆኑ 802 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት ቀድመው በታከሙት ዘንድ በ24.9 በመቶ፣ ቀድመው ባልታከሙት ዘንድ በ30.5 በመቶ ሕፃናት ላይ ችግር አግኝቷል። ልዩነቱ ሰፊ ባይሆንም የሚናቅ አይደለም። በዚያው ጥናት ግን ስኳራቸው በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለባቸው ሴቶች ሲታከሙ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት የመብዛት አዝማሚያ ታይቷል። እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣን ቀጭን ሴት «ምግብ ቀንሺ» ብሎ መሸኘት ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ።

የምግቡ ምክር ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ዳቦና ፓስታ ቀንሱ የሚል ወረቀት ቆጮና ቡላ ለሚበላ ቤት ምን ይነግረዋል? እንሰት ስታርቹ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። መካሪው ቆጮውን ከመከልከል ይልቅ መጠኑን ቀንሳ ከጎመን፣ ከባቄላ ወይም ከአይብ ጋር እንድትበላ ቢያሳያት ይሻላል።

«ስኳር የከተማ ሀብታም በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. በትግራይ ገጠር ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች 3.7 በመቶው የእርግዝና ስኳር ነበረባቸው። በ2019 በጎንደር ከተማ በአዲሱ መለኪያ የተገኘው 12.8 በመቶ ነው። መለኪያው ስለተለያየ በሽታው በዚህን ያህል አድጓል ማለት አይቻልም፤ ገጠር አይደርስም የሚለውን ግን የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን ያፈርሰዋል።

ሌላም መዘናጊያ አለ፤ «ሽንቴን አይተውልኛል» የሚለው። በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት የደም ስኳር ሳይጨምርም ስኳር ወደ ሽንት ሊያሳልፍ ይችላል፤ ስኳር ያለባት ሴት ሽንትም ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሽንት ምርመራ የደሙን አይተካም።

ደግሞስ ማን ቀድሞ ይመጣል? በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት የቅድመ ወሊድ ክትትልን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዶርዜ ውስጥ ባል አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሸምን ሚስት ጥጧን እየፈተለች፣ ቤቱንም ልጆቹንም ይዛ የምትቀር ብዙ ናት። ልሂድ አልሂድ የሚለው በስልክ፣ አንዳንዴም በአማት ይወሰናል። ምርመራው የሷ አካል ጉዳይ ነውና ውሳኔውም የሷ ይሁን እላለሁ።

ለጤና ቢሮው አንድ ልመና አለኝ። የስኳር መለኪያውም ስትሪፑም ደጋው ላይ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ይኑር፤ በባዶ ሆድ አርባ ምንጭ ድረስ መውረድ ለሁሉም ነፍሰ ጡር አይጠየቅ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ከዋዜማው እራት በኋላ ምንም ሳትበዪ ሂጂ፤ ስንቅሽን ግን ቋጥረሽ ያዢ፣ ደሙ እንደተወሰደ ትበያለሽ። ውጤቱ ደህና ነው ቢሉሽም ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰሽ ተመርመሪ።