መርከቡ ከመገዛቱ በፊት የሚጻፍ ውል

ኢትዮጵያ የባሕር ኃይሏን መልሳ ለማቋቋም ከወሰነች ወዲህ ክርክሩ በአብዛኛው ወደብ ከየት ይገኛል በሚለው ጥያቄ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ መርከቦቹ በምን ዓይነት ውል ይገዛሉ የሚለው ጉዳይ ግን እስካሁን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የአንድ የጦር መርከብ አቅም የሚለካው በብረት አካሉ ብቻ ሳይሆን፣ ራዳሩን፣ በውኃ ውስጥ የሚጓዝን ድምፅ የሚያዳምጠውን ሶናር፣ መድፉንና ሚሳይሉን አገናኝቶ በሚያስተባብረው የውጊያ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ዝግ ሲሆን ክፍሎቹ የሚገናኙበትን ቋንቋ የሚያውቀው አምራቹ ብቻ በመሆኑ፣ ጥገናውም ማሻሻያውም ከእርሱ እጅ አይወጣም። ክፍት የሥርዓት አርክቴክቸር የሚባለው በአንጻሩ ክፍሎቹ የሚገናኙበት መስፈርት አስቀድሞ ተጽፎ በገዢው እጅ የሚገኝበት፣ በዚያው መስፈርት የሠራ ማንኛውም ብቁ አምራችም የተሻለ ክፍል የሚያቀርብበት አሠራር ነው። ክፍት የሚደረገው መገናኛው እንጂ ወታደራዊ ምስጢሩ አይደለም።

ሐሳቡ ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በሳጉሬ ዙሪያ በዲገሉና ጢጆ ወረዳ የስንዴ ማሳ የሚያርሱ ትራክተሮች የተለያዩ ኩባንያዎች ሥራ ቢሆኑም፣ ማረሻን ከትራክተር ጀርባ በሦስት ነጥብ የሚያያይዘው አሠራር ዓለም አቀፍ መስፈርት ስላለው፣ የአንዱ ፋብሪካ ማረሻ ከሌላው ትራክተር ጋር ይሠራል፤ ትራክተሩ ሲያረጅም ማረሻው አብሮ አይጣልም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በታሪኩ ያጣው ይህንኑ ነጻነት ነው።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተውና ዋና ሰፈሩ ምጽዋ የነበረው ይህ ኃይል፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከባትን፣ ቀድሞ «ኦርካ» ትባል የነበረችውን የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ «ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞ ዋና መርከቡ አደረጋት፤ የጥበቃ ጀልባዎቹም በአብዛኛው የአሜሪካ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲቋረጥ መለዋወጫውም አብሮ ተቋረጠ። ደርግ ፊቱን ወደ ሶቭየት ኅብረት በማዞሩ የኦሳ ዓይነት የሚሳይል ጀልባዎችና የፔትያ ዓይነት ፍሪጌቶች መጡ፤ ነገር ግን የኦሳ ሚሳይል፣ ራዳርና ማስወንጨፊያ አንድ ላይ የተነደፉና ለሌላ አምራች ሥራ ቦታ የማይሰጡ ስለነበሩ፣ አገሪቱ ከአንዱ ጥገኝነት ወጥታ ወደ ሌላው ገባች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ የተረፉት መርከቦች መጨረሻ ስደት ሆነ፤ ቀሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ1996 ጂቡቲ ላይ ተሸጡ። ውድቀቱን ያመጣው በዋናነት ጦርነቱ መሆኑ ባይካድም፣ የአቅራቢ ፖለቲካ የመርከቦችን ዕድሜ ሲወስን ማየት ለማንም የግዢ ኃላፊ ከበቂ በላይ ትምህርት ነው።

ሥጋቱ ደግሞ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ባሕር ኃይሉን ለማቋቋም የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት፣ የትግራይ ጦርነት እየበረታ ሲሄድ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በፈረንሳይ በኩል እንዲቆም ተደርጓል። ያኔ በፈረንሳይ ዝግ ሥርዓት የሚሠሩ መርከቦች ተገዝተው ቢሆን ኖሮ፣ እገዳው ከሥልጠና አልፎ የመርከቦቹን ዓይንና ጆሮ ይነካ ነበር።

ለትንሽ ባሕር ኃይል የሚስማማው ምሳሌ የዴንማርክ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያረጁ የተለያዩ መርከቦቿን ለመተካት በፍሊቨፊስከን መርከቦቿ ላይ መደበኛ መጠን ያላቸው ጎድጓዳ ማስገቢያዎችን ሠርታ፣ መድፍን፣ ሚሳይልንና ፈንጂ ማጽጃን በኮንቴይነር እያደረገች የምትቀያይርበትን ሥርዓት ዘረጋች። በአሜሪካም የባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሰርጓጅ መርከቦቹን ሶናር ገበያ ላይ በሚገኙ ኮምፒዩተሮች በመተካት ሶፍትዌሩን በየጊዜው ማደስ ችሏል። ይሁን እንጂ ኮንቴይነር መቀያየር በራሱ ስኬት አይደለም፤ ያው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ዳርቻ ውጊያ መርከቦቹን ተልዕኮ እንደ አስፈላጊነቱ ለመቀያየር የነበረውን ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2016 ትቶ፣ ለእያንዳንዱ መርከብ አንድ ቋሚ ተልዕኮ ወደ መመደብ ዞሯል። ዘላቂ ጥቅም ያለው ሃርድዌርንና ሶፍትዌርን በየራሳቸው ጊዜ የማሻሻል መብት ነው።

ይህ መብት ደግሞ መርከቡን ከተረከቡ በኋላ አይገኝም፤ አቅራቢው ሽያጩን ለማግኘት በሚወዳደርበት ወቅት፣ የመገናኛ መስፈርቶቹ ሙሉ ሰነድ፣ የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድና በሦስተኛ ወገን የማስጠገን ፈቃድ በውሉ ካልተጻፉ፣ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋ ገዢውን አንበርክኮ የሚያስከፍል ይሆናል። ሰነዱን የሚያነብ ባለሙያ ከሌለ ግን ውሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከዚህ ጉዳይ የራቁ አይደሉም፤ ክፍት ሥርዓት በተለመደ ኮምፒዩተር ስለሚሠራ፣ የራዳር መረጃን ተቀብሎ የሚያሳይ ሶፍትዌር በየብስ ላይ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ በተቀዳ መረጃ እየተፈተነ ሊጻፍ ይችላል፤ ይህንን ሥራ ለመጀመርም የወደብ ስምምነት መጠበቅ አያስፈልግም።