ሠራተኛ አገናኝ ቤት ስንውል

ስለ ነርሶች፣ ስለ መምህራንና ስለ ሾፌሮች ትዳር ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ተራው የእኔ ሥራ ይሁን።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሠራተኛና አሠሪ አገናኝ ድርጅት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ “ደላላ ነሽ ማለት ነው?” ይለኛል። ደላላም እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት በመርሁ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ “ለመመዝገቢያ ይህን ያህል አምጡ” የሚላችሁ ካለ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ከሥራችን አንዱ ለድርጅቶች ሰው መርጦ ማቅረብ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያነብ የሚውለውን ወጣት የማያውቅ የለም፤ ዛሬ አብዛኛው በቴሌግራም ሆኗል እንጂ ፍለጋው ያው ነው። ለአንድ የገንዘብ ያዥ ቦታ የሚመጣውን ሲቪ አንብቤ ለአንዱ “እንኳን ደስ አለህ” እላለሁ፣ ለሌሎቹ “አልተሳካም”። ሰው ከገባም በኋላ 60 የሥራ ቀን የሚደርሰው የሙከራ ጊዜ እስኪያልፍ ሁለቱም ወገን የሚደውለው ለእኛ ነው።

ከባዱ ግን ሌላው ነው፤ ጥበቃና ጽዳት። ሠራተኛው የሚውለው ባንክ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን ቀጣሪው እኛ ነን። ደመወዙን የምንከፍለው፣ የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የምናስገባው፣ የዓመት ፈቃድ የምንሰጠው እኛ ነን። ደንበኛው በሰው ልክ ይከፍለናል፤ ከዚያ ላይ ደመወዙ፣ መዋጮው፣ የደንብ ልብሱና የድርጅቱ ትርፍ ይወጣል። አንድ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ጥበቃ ፈርሞ ደመወዙን ሲቀበል፣ “እህቴ፣ እነሱ በእኔ ስም ስንት ነው የሚከፍሉት?” አለኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ውሉ ግን እንዳልናገር ያስረኛል። “ቁጥሩን ልነግርህ አልችልም፤ ውሉ ሲታደስ ግን ደመወዛችሁ ለብቻው እንዲጻፍ እጠይቃለሁ” አልኩት። ጠየቅሁም። ሥራ አስኪያጃችን “ዋጋ ከጨመርን ጨረታውን ሌላው ይወስደዋል” አሉኝ። አባባላቸው እውነት አለው፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያጫርት ደንበኛ ሞልቷልና። ነገር ግን ዋጋው ሲወርድ ሁልጊዜ የሚቀነሰው ከጥበቃው ድርሻ ለምን ይሆናል? ትርፍ ኃጢአት ነው አልልም፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ አጫጆቹ ደመወዝ የጻፈውን ግን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ሌላ ትርጉም ይሰጠኛል። በየዓመቱ እንደገና እጠይቃለሁ።

ቤት ስገባስ? ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ከአምልኮ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሲጨብጥ ኪሱ በሲቪ ይሞላል። ሆደ ቡቡ ስለሆነ “ግድ የለም፣ እሷ ታስገባሃለች” ይላል። እኔ ደግሞ ሰኞ ቢሮ ስገባ ቃል የተገባለት ሰው በር ላይ ይጠብቀኛል። የአንድ የቅርብ ወንድማችንን ልጅ እንደማንም ሰው አስፈትኜው ሲወድቅ፣ ቤተሰቡ ለሁለት ወር ሰላም አላለንም። በዚህ ጉዳይ ባልና ሚስት ተጣልተን አድረናል፤ መደበቁ ምን ይጠቅማል? በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን። አሁን እሱ የሚለው “ወረቀቱን አደርሳለሁ፣ ቦታ ግን አልሰጥም” ነው። እኔም በበኩሌ ማታ ልጆቹ እስኪተኙ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ሆኖ ሲጮህ፣ ሥራ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን እያወቁ ወጥ ማቅረብ ግን ቀላል አይደለም።

የቤት ሠራተኛ የሚጠይቁንም ብዙ ናቸው። የቤት ሠራተኛን የሚመለከተው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው ስለምትኖረው ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብና ዕረፍት እንዲያስብ ያዛል፤ ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። በቅርቡ አንዲት እህት መጥታ “ጸሎት የምትወድ፣ ስልክ የማታበዛ” ብላ አስመዘገበች። የዕረፍት ቀኗ መቼ ነው ብላት፣ “እሑድ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቤት ትጠብቃለች” አለችኝ። ሌላ ቀንስ? ዝም አለች። ቅጹን አዙሬ ባዶውን መስመር አሳየኋትና ከባለቤቷ ጋር ተነጋግራ እንድትሞላው ሰጠኋት። በሳምንቱ “ሐሙስ ሙሉ ቀን፣ እሑድ ጠዋት አብራን ትሄዳለች” የሚል ሞልታ መለሰችልኝ።